የፊዚዮቴራፒ ቅሬ (እድር) እናቋቁም

(ደሴ ላይ ለፊዚዮቴራፒ ወይም ለአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዎች፣ ለክሊኒክ ባለቤቶችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ። ከኮምቦልቻ የወጣችሁ፣ ከሐይቅና ከወልድያ የመጣችሁ፣ ተረኛ ሆናችሁ አድራችሁ ከሆስፒታል በቀጥታ እዚህ የተቀመጣችሁ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስላይድ አላዘጋጀሁም። የማወራው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ እያንዳንዳችን በየክሊኒካችን ተነጣጥለን እንዳያገኘን ከአሁኑ ምን እንዋዋል?

«ደግሞ ይመጣል ወይ?» ለሚለኝ ሰው ብዙ አልከራከርም። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 የኮቪድ ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን ሲናገር በሽታው ጠፋ አላለም። ዓመት ከምናምን ቆይቶ፣ ነሐሴ 2016 ላይ፣ ያው ድርጅት ለኤምፖክስ፣ ቀድሞ የዝንጀሮ ፈንጣጣ ለምንለው፣ ሌላ አስቸኳይ ጊዜ አወጀ። ግንቦት 2017 ላይ ኤምፖክስ በሞያሌ በኩል እኛም አገር ተገኘ። ኤምፖክስ ደግሞ በቆዳ ንክኪ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ቆዳ ስንነካ የምንውል እኛ ነን። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም።

ወረርሽኝ ሁሉንም የጤና ባለሙያ ይፈትናል፤ ይሄ ግልጽ ነው። የእኛን ሥራ ግን በሁለት በኩል ይይዘዋል። አንደኛ፣ ሥራችን በእጅ ነው። ሁለት ሜትር ርቆ የደረቀ ትከሻ ማላቀቅ አይቻልም። ስትሮክ የመታውን ሰው ልታቆመው ስትል ወገቡን ታቅፈዋለህ፣ ትንፋሹ ፊትህ ላይ ነው፣ ያንተም ፊቱ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ሥራችን ጊዜ ይበላል። ሐኪሙ መድኃኒት ጽፎ «ከወር በኋላ ተመለስ» ሊል ይችላል። እኛ ግን ታካሚውን በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ እንፈልገዋለን፣ ለወራት እንፈልገዋለን፣ መሃል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ የቆመበት ቦታ አይጠብቀንም፤ ወደ ኋላ ይመለሳል።

የቆልማማ እግር ሕክምናን ውሰዱ። እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፣ ለተማሪዎቹ ስል ግን ልዘርዝረው። ሕፃኑ በየሳምንቱ ይመጣል፣ እግሩ ትንሽ ትንሽ እየተቃና ጀሶ ይታሰራል፣ ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጀሶ ይወስዳል። ከዚያ አብዛኞቹ ሕፃናት ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት በትንሹ ይቆረጥላቸዋል። ከዚያ በብረት የተያያዘው ጫማ ይመጣል። ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ እስከ አራት ዓመቱ ድረስ ማታ ማታ ነው። ጫማው ከተተወ እግሩ ተመልሶ ይዞራል። እንግዲህ ከደላንታ ልጇን አዝላ በየሳምንቱ የምትመጣ እናት አስቡ። ሦስተኛው ጀሶ ላይ ሳለች መንገድ ተዘጋ። ጀሶው እግሩ ላይ ነው፣ ልጁ ያድጋል፣ ጀሶው ግን አያድግም። ማን ያውልቀው? ውኃ ውስጥ ነክራ ራሷ እንድታወልቀው ማን ይንገራት? ቀጥሎስ የት ትሂድ? እሷ የምታውቀው አንድ ክሊኒክ ነው፣ ክሊኒኩ ደግሞ ተዘግቷል።

ስትሮክም እንደዚሁ ነው። አብዛኛው መሻሻል የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አካባቢ ነው። ታካሚው እነዚያን ወራት ቤት ውስጥ ተኝቶ ካሳለፈ እጁ ይጨበጣል፣ ትከሻው ይደርቃል፣ የአልጋ ቁስል ይጀምራል። በኋላ ክሊኒኩ ሲከፈት ታክመዋለህ፤ ያለፈውን ወር ግን አትመልስለትም።

2012 ላይ የሆነውን ሁላችሁም አይታችኋል። መጋቢት 2 የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ነው አለ፣ መጋቢት 4 የመጀመሪያው ሰው አገራችን ላይ ተገኘ፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ሁሉም ነገር አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ትራንስፖርቱ ሲቀንስ፣ መኪናው በግማሽ ጭኖ ታሪፉ ሲወደድ፣ መጀመሪያ የቀረው ማን ነው? በክራንች የሚሄደው፣ በዊልቸር ያለው፣ ታዝሎ የሚመጣው፣ ለአስታማሚም ጭምር የሚከፍለው። ለሁለት ሰው ሒሳብ የሚከፍል ታካሚ መጀመሪያ ይቀራል።

ክሊኒኮቻችንስ? አንዱ ዘጋ። አንዱ ግማሽ ቀን ከፈተ። አንዱ «ማስክ ከሌለህ አትግባ» የሚል ወረቀት ለጠፈ፣ አጠገቡ ያለው ምንም አልለጠፈም። አንዱ ጋ አልኮል ሲያልቅ ሌላው ጋ ተርፎ ነበር፣ ግን ማን ጠየቀ፣ ማንስ ነገረ? ማንንም መውቀሴ አይደለም። እያንዳንዱ የሚያውቀውን አደረገ። ችግሩ እያንዳንዱ ለብቻው ማድረጉ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ የምንሠራ ሰዎች አንድ ዓይነት መመሪያ እንኳ አልነበረንም። ታካሚው ግራ ገባው። ግራ የገባው ታካሚ ደግሞ ቤቱ ይቀራል፣ ካልሆነም ወጌሻ ጋ ይሄዳል። ስለ ወጌሻ በኋላ እመለስበታለሁ።

በዚያው መጋቢት ወር ሌላ ቦታ የሆነ ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔን በጣም ያበረታኝ ይሄ ነው። ከአውስትራሊያ፣ ከቤልጂየም፣ ከካናዳና ከእንግሊዝ የሆኑ ባለሙያዎች ተገናኝተው፣ ማለቴ በኢንተርኔት ነው፣ ኮቪድ ላለበት ታካሚ ሆስፒታል ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ሥራ እንዴት መሠራት እንዳለበት መመሪያ ጻፉ። ወሩ ሳያልቅ ታትሞ በነፃ ተለቀቀ። ከዚያ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች በየቋንቋቸው ተረጎሙት። ውስጡ ያለው ነገር ደግሞ ቁም ነገር ነው። «ኮቪድ ያለበትን ሁሉ ደረቱን ምቱ» አይልም። እንዲያውም ብዙዎቹ ታካሚዎች ሳላቸው ደረቅ ስለሆነ አክታ ለማውጣት የምንሠራው ሥራ አያስፈልጋቸውም ይላል። ልምድ ያለው ባለሙያ መጀመሪያ ካርዱን ይይ፣ በስልክ ይጠይቅ፣ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ይግባ ይላል። ማስኩም ጓንቱም የሚቆጠበው እንደዚህ ነው፤ ባለሙያውም አይታመምም።

እነዚህ ሰዎች የተለያየ አገር፣ የተለያየ ሆስፒታል፣ የተለያየ ሰዓት ላይ ያሉ ናቸው። እነሱ ከተስማሙ እዚሁ ደሴ ቧንቧ ውኃ ሰፈር ያለው ክሊኒክ ፒያሳ ካለው ጋር፣ የደሴው ከኮምቦልቻው ጋር መስማማት እንዴት ያቅተዋል?

የሙያችን ታሪክ ራሱ በወረርሽኝ ውስጥ ያለፈ ነው። የዓለም የፊዚዮቴራፒ ማኅበር የተመሠረተው በአውሮፓውያኑ መስከረም 8 ቀን 1951 ኮፐንሀገን ላይ ነው። በዓመቱ እዚያው ኮፐንሀገን የልጅነት ልምሻ፣ ፖሊዮ፣ ገባ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መተንፈሻ መሣሪያ ካስፈለጋቸው 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። መሣሪያው ጥቂት ነበር። ከዚያ አንድ የሰመመን ሐኪም ጉሮሯቸው ላይ ቱቦ አስገብቶ በእጅ በሚጨመቅ ፊኛ አየር መስጠት እንደሚቻል አሳየ። ማን ይጭመቀው ታዲያ? 1,500 የሚሆኑ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ተራ ገብተው ሌት ተቀን ጨመቁት። ብዙ ሰው ተረፈ። ዛሬ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለው ነገር ከዚያ ነው የተነሳው። ተማሪዎች፣ እናንተን እያየሁ ነው የማወራው። ወረርሽኝ ሲመጣ «ተማሪ ስለሆናችሁ ቤት ግቡ» መባላችሁ ብቸኛው መንገድ አይደለም። አስቀድማችሁ ከሠለጠናችሁና መከላከያው ካላችሁ ተራ የምትገቡ እጆች ናችሁ።

በነገራችን ላይ ያ የምሥረታ ቀን፣ በእኛ ጳጉሜ 3፣ የዓለም ፊዚዮቴራፒ ቀን ሆኖ ይከበራል። የሩፋኤል ዕለት መሆኑ ነው። ለአካባቢው ክርስቲያን ማስታወስ አያስፈልገኝም፣ ሙስሊሙም ጎረቤቱ ልጆቹን ዝናብ ሲያስጠምቅ እያየ ነው ያደገው። ማንም የማይረሳው ቀን ስለሆነ ዓመታዊ ስብሰባችን በዚያ ቀን ቢሆን ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። ቅሬ ነው የምላችሁ። ሌላው አገር እድር የሚለውን ማለቴ ነው፣ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሰው ሲሞት ድንኳን ከየት ይምጣ ብሎ የሚጨነቅ የቅሬ አባል አይታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። ድንኳኑ ተገዝቷል፣ ድስቱና ብርጭቆው ተቆጥሮ ተቀምጧል፣ መልእክት የሚያደርሰው ሰው ይታወቃል፣ ማን ቀብር እንደሚወጣ፣ ማን እንግዳ እንደሚያስተናግድ ይታወቃል። ሁሉም የተወሰነው ማንም ባላለቀሰበት ቀን ነው። እኛም የምንዋዋለው በጤናው ቀን መሆን አለበት፣ ማለትም አሁን።

ምን ይኑረው? መጀመሪያ የምለው ካርዱን ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። አሁን የታካሚው ካርድ ያለው እኛ መደርደሪያ ላይ ነው። ክሊኒኩ ሲዘጋ ታሪኩ አብሮ ይዘጋል። ታካሚው ሌላ ቦታ ሄዶ «ምን ሲሠራልህ ነበር?» ሲባል «ያሹኝ ነበር» ነው የሚለው። ምን ይበል? ስለዚህ እያንዳንዱ ታካሚ ቤቱ የሚወስደው አንድ ወረቀት ይኑረው። ችግሩ ምንድን ነው፣ መቼ ተጀመረ፣ የት ደርሷል፣ ምን እንቅስቃሴ በቀን ስንት ጊዜ ይሠራል፣ ምን አይሠራም፣ ምን ካየ ቶሎ ሆስፒታል ይሂድ። በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ከሥዕል ጋር። ማንበብ የማይችል እንኳ ልጁ ያነብለታል፣ ሥዕሉን ያያል። ሁላችንም አንድ ዓይነት ቅጽ ከተጠቀምን ኮምቦልቻ የተጀመረ ሕክምና ደሴ ላይ ይቀጥላል፣ ደሴ የተጀመረው ወልድያ ላይ። የሚያስፈልገው የፎቶ ኮፒ ዋጋ ነው።

«በቴሌግራም ቪዲዮ ብንልክስ?» የሚሉ ወጣቶች አሉ። እኔም እልካለሁ፣ ላኩ፣ ጥሩ ነው። ታካሚው ቤቱ ሲነሳና ሲቀመጥ በቪዲዮ ማየት ብዙ ነገር ይነግራል፣ አልጋው ከፍ ያለ ይሁን ዝቅ ያለ፣ መጸዳጃው ስንት ደረጃ እንዳለው ክሊኒክ ውስጥ አታውቀውም። ግን የኖርንበትን አንርሳ። በጥቅምት ማለቂያ 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ፣ እስከ ህዳር ማለቂያ ድረስ ስልክ የለ፣ መብራት የለ፣ ሰው እግሩ ወዳመራው ተበተነ። ታካሚም ባለሙያም እኩል ተሰደደ። የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ሲመለሱ አልጋው የለ፣ ማሽኑ የለ። ከዚያም ወዲህ ኢንተርኔት ስንት ጊዜ እንደጠፋ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ስልክ ሲሠራ በስልክ፣ ሳይሠራ በወረቀት። ወረቀቱ በታካሚው እጅ ከሆነ አብሮት ይሰደዳል። እኛ አገር ወረርሽኝና ጦርነት፣ ወረርሽኝና ድርቅ አብረው ነው የሚመጡት፣ ዕቅዳችን ይህንን ካላሰበ ዕቅድ አይደለም።

ሁለተኛው ዕቃ ነው። እዚህ ረጅም ማውራት አያስፈልግም። ማን ትርፍ ክራንች አለው፣ ማን ዊልቸር አለው፣ ማን ጋ ኦክስጅን መለኪያ አለ፣ ማስክና ጓንት በጋራ በጅምላ ይገዛ፣ አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ መዝገብ ይኑረው። እዚሁ ከተማችን ሰው ሠራሽ እግርና ድጋፍ የሚሠራው የአካል ተሃድሶ ማዕከልም በዚህ ውል ውስጥ እንዲኖር መጠየቅ አለብን፣ ምክንያቱም እግሩን የተቆረጠ ሰው ከእነሱ ወደ እኛ፣ ከእኛ ወደ እነሱ ይመላለሳል።

ሦስተኛው የሰው ድልድል ነው። ሁላችንም ብንዘጋ ታካሚ ይጎዳል፣ ሁላችንም ብንከፍት በሽታ እናዛምታለን። ስለዚህ ከተማው በሰፈር ይከፈል። በሆጤ በኩል አንድ፣ በሰኞ ገበያ በኩል አንድ፣ በኮምቦልቻ አንድ ክሊኒክ ክፍት ይሁን። የሚከፈተው ለማን እንደሆነም አስቀድመን እንለይ። አዲስ ስትሮክ፣ ጀሶ ላይ ያለ ሕፃን፣ ከቀዶ ጥገና የወጣ፣ የተቃጠለና ቆዳው እየተኮማተረ ያለ፣ እነዚህ አይጠብቁም። ሁለት ዓመት የቆየ የወገብ ሕመም በስልክና በወረቀት ሊጠብቅ ይችላል። ሥር የሰደደ ሕመም ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፣ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ የኮምቦልቻ ሠራተኞችን አክማለሁና ስቃያቸውን አውቀዋለሁ። ግን መምረጥ ግድ ሲሆን ምርጫው የታወቀ ይሁን፣ በዝምድናና በገንዘብ አይሁን።

የቀሩት ባለሙያዎች ሆስፒታል ይግቡ። ኮቪድ ጊዜ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ማከሚያ ሆኖ ሲሠራ ነበር። እንደዚያ ዓይነት ቦታ እኛ የምንሠራው ምን አለ? ብዙ ሰው፣ ሐኪሞችም ጭምር፣ «ፊዚዮቴራፒስት እዚያ ምን ይሠራል?» ይላሉ። መልሱን እናውቀው። መተንፈሻ ማሽን ላይ ያለና ሳንባው በጣም የተጎዳ ሰው በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት በሆዱ ቢተኛ ኦክስጅኑ ይሻሻላል። ይህንን ሰው ቱቦው ሳይነቀል፣ ትከሻው ሳይጎዳ፣ ፊቱ ሳይቆስል መገልበጥ የብዙ ሰው ሥራ ነው፣ ሰው ማንሳትና ማገላበጥ ደግሞ የእኛ ሙያ ነው። ሌላው ጡንቻ ነው። በጽኑ የታመመ ሰው በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ብቻ የጭኑ ጡንቻ ወደ 18 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በአልትራሳውንድ የተለካበት ጥናት አለ። አሥር ቀን! ከበሽታው ድኖ ከአልጋ መውረድ የሚያቅተው ለዚህ ነው። ቶሎ ማስቀመጥ፣ ቶሎ ማቆም፣ እግሩን አልጋው ላይ እያለ ማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ይህንን የግል ክሊኒክ ባለሙያ በአንድ ሌሊት አይለምደውም። ከአሁኑ በተራ ሆስፒታል ገብተን ከዚያ ካሉት ባልደረቦቻችን እንማር፣ እነሱም ወደ እኛ ይምጡ።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር፣ የእኛ አገር ነገር ስለሆነ። ደሴ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ መንገድ ወርደን አየሩም ኦክስጅኑም ይለያያል። ስለዚህ ጣት ላይ የምናስገባው የኦክስጅን መለኪያ ደሴ ላይ በጤነኛ ሰውም ቢሆን ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ከተጻፈው ዝቅ ሊል ይችላል። ከውጭ የመጣ ቁጥር እንዳለ አንቅዳ። ታካሚው እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት የነበረውን እንጻፍ፣ ሲራመድ ስንት ወረደ የሚለውን እንይ። ኮምቦልቻ ታክሞ ደሴ የሚኖር ሰው ሲላክልን ይህንን አንርሳ።

ከበሽታው በኋላ ስለሚቀረው ድካምም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የዓለም ጤና ድርጅት ከኮቪድ በኋላ የሚቆይ ሕመም ብሎ የገለጸው፣ ከታመሙ በሦስት ወር አካባቢ የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይ፣ በሌላ በሽታ የማይብራራ ችግር ነው። ድካም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ጭንቅላት መደንዘዝ። እኛ ደግሞ ልማዳችን «ተንቀሳቀስ፣ ጨምር፣ በርታ» ነው። ከእነዚህ ታካሚዎች ብዙዎቹ ግን ዛሬ ትንሽ ሲበረቱ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይወድቃሉ። ሴትየዋ «ትናንት ደህና ነበርኩ፣ እንጀራ ጋግሬ ዛሬ መነሳት አቃተኝ» ካለችህ በርቺ አትበላት። አብሽሪ በላትና ሥራዋን ከፋፍል፣ ዕረፍቱን ከመድከሟ በፊት አስገባላት። ቤተሰቡንም ንገር፣ ምክንያቱም ቤተሰቡ «ሰነፈች» ብሎ ይፈርዳል። እንዲህ ዓይነት ነገር አንዱ ክሊኒክ አውቆ ሌላው ሳያውቅ ሲቀር ታካሚው ነው የሚጎዳው። በወር አንድ ቀን ተቀምጠን ያየነውን ብንነጋገር ይሄ ብቻ ይበቃል እላለሁ።

ወደ ወጌሻ ልመለስ። ብዙዎቻችሁ ወጌሻ ሲባል ፊታችሁን ታጨማዳላችሁ፣ አውቃለሁ። ጠብቆ በታሰረ ቀርከሃ እጁ ጠቁሮ የመጣ ልጅ ያየ ሰው ቢናደድ አይፈረድበትም። ግን ክሊኒክ ሲዘጋ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ሕዝቡ አጠገቡ የሚያገኘው ወጌሻውን ነው። ይሄ አይቀየርም። ስለዚህ በቁጣ ብቻ አናልፈውም። የየሰፈሩን ወጌሻ እንወቀው፣ ስሙን በስልክ ዝርዝራችን ውስጥ እናስገባው። አጥንት የወጣበት ቁስል፣ የልጅ ክርን ስብራት፣ የጀርባ ጉዳት እንዳይነካ እንለምነው። ካሰረም ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ወዲያው ፈትቶ እንዲልክ እናሳየው። አክብረን ካናገርነው ይሰማል። ወሎ ውስጥ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ተነጋግሮ ያልፈታው ነገር ጥቂት ነው።

አሁን ማንም ጮክ ብሎ ወደማይናገረው ልምጣ። «ታካሚዬን ይወስድብኛል።» ይሄ ነው ትክክለኛው እንቅፋት። ማስክ እጥረት አይደለም፣ እውቀት አይደለም። ፍርሃቱ ልክ ነው፣ ክሊኒክ ከፍቶ ኪራይ የሚከፍል ሰው ፍርሃት ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ በግልጽ እንጻፈው። በችግር ጊዜ ወደ ክፍቱ ክሊኒክ የተላከ ታካሚ የላከው ሲከፍት ወደ ላከው ይመለሳል፣ ታካሚው ራሱ ሌላ ካልመረጠ በቀር። የመጨረሻው ቃል የታካሚው ነው። ክፍት የሆነው ክሊኒክ ከገቢው የተስማማነውን ያህል ወደ ጋራ ሣጥን ያስገባል፣ ከሣጥኑ ደግሞ የተዘጋው ሰው ኪራዩን ይደገፋል። ከዚያ በተረፈ በየወሩ ሁላችንም እናዋጣለን፣ አሁን፣ ሰላም እያለ። ባለሙያው ከታመመ፣ ወይም ሥራ ላይ ተይዞ ከሞተ፣ ለቤተሰቡ ምን እንደሚደረግም እንጻፍ። ይህንን መናገር ደስ አይልም፤ ግን ቤተሰብ ያለው ሰው ወደ ሕሙማን ክፍል እንዲገባ ስንጠይቀው መልስ ይዘን እንቅረብ።

አከራዮችንም ለማነጋገር አንድ ላይ መሄድ ይሻላል። አንድ ሰው ብቻውን ሄዶ «ሦስት ወር ታገሡኝ» ሲል ይለምናል። አሥር ክሊኒክ አንድ ደብዳቤ ይዞ ሲሄድ ይደራደራል። ከከተማው ጤና ቢሮ ጋርም እንዲሁ ነው። ትራንስፖርት ሲከለከል የእኛ ታካሚዎች የማለፊያ ወረቀት እንዲያገኙ፣ የማስክ ድልድል ሲኖር የግል ፊዚዮቴራፒ ክሊኒክም እንዲቆጠር፣ ይህንን ማስከበር የሚችለው ስም ያለው ኅብረት ነው። አገር አቀፍ የሙያ ማኅበር አለን፣ ጥሩ ነው። ግን መንገድ በተዘጋ ቀን አዲስ አበባ ያለው ሰው ቦሩ ሜዳ ሊደርስልን አይችልም። ከማኅበሩ ጋር ተጋጭተን ሳይሆን ሥር ሆነን እንሥራ።

እንዴት እንጀምር ለምትሉ፣ ዛሬ ሦስት ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ከመውጣታችሁ በፊት በር ላይ ባለው ወረቀት ስማችሁን፣ ክሊኒካችሁን፣ ሁለት ስልክ ቁጥር፣ አንዱ የቤተሰብ ይሁን፣ ጻፉ። የታካሚውን ቅጽ የሚያዘጋጁ አራት ሰዎች ይመረጡ፣ ቢያንስ አንዱ ተማሪ ይሁን፣ ሥዕል የሚችል ካለ እጁን ያውጣ። የመጀመሪያው ስብሰባ ኮምቦልቻ ይሁን፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ እነሱ ናቸው ወደ እኛ የሚወጡት። የሣጥኑን ገንዘብ መጠን እኔ አልወስንም፣ እዚያ ተነጋግረን እንወስነዋለን። ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም፣ በየወሩ ይግባ።

ኪራዩ ጉዳይ ላይ ሳወራ ከኋላ ሲንሾካሾኩ የነበሩ አሉ። ጥያቄውን ከእናንተ እንጀምር፤ ማይኩን ወደዚያ አቀብሉልኝ።